ሌሊትን ፎቶ ማንሳት፦ መጠበቅ፣ መወርወር፣ መደመር

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሚዞር አንድ ሰው ነበር። ጭጋግ የወረደበት ድልድይ አጠገብ ትራይፖዱን ያቆማል፣ ሌንሱን ይከፍታል፣ ከዚያ ሲጋራ ይለኩሳል። ሲጋራው ሲያልቅ ሌንሱን ይዘጋል። በቃ። ብርሃኑ ሻል ካለ ጎሏዝ፣ ጨለማው ከበረታ ቆይቶ የሚያልቀውን ቦያር ያጨሳል። ሰውየው ጁላ ሃላስ ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ብራሳይ በሚለው ስሙ ነው። ትርጉሙ «የብራሾ ሰው» እንደማለት ነው፤ ብራሾ እሱ በ1899 ሲወለድ በኦስትሮ-ሃንጋሪ ሥር የነበረች፣ ዛሬ ሮማኒያ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ፓሪስ የገባው በጋዜጠኝነት ነው። ስለ ሌሊቷ ፓሪስ ያሳተመው የፎቶ መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ ማታ ካሜራ ይዞ የሚወጣ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚደርስበት ሆነ።

(ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናበር።)

እኔ ኮድ ጽፌ የማድር ሰው ነኝ። ሲጋራን እንደ ሰዓት ቆጣሪ መጠቀም የሚለው ሐሳብ ሳነበው ወዲያው የገባኝም ለዚህ ይመስለኛል፤ ያለህን ዕቃ ለሌለህ ዕቃ ማዋል የሙያችን ግማሹ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከሥራ በኋላ አንድ ያገለገለ ካሜራና ቀላል ትራይፖድ ይዤ እወጣለሁ። አማተር ነኝ፤ የሚከፍለኝም የሚጠብቀኝም የለም። ማታ ማታ ፎቶ እያነሳሁ፣ ቀን ቀን ደግሞ ከኔ በፊት ጨለማ ውስጥ የቆሙ ሰዎችን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር እየገለጸልኝ መጣ። ብርሃን በሌለበት ፎቶ ለማንሳት የሰው ልጅ ያገኘው መንገድ ሦስት ብቻ ነው። ብርሃኑ እስኪጠራቀም መጠበቅ። ብርሃን ይዞ ሄዶ መወርወር። ወይም ብዙ ደካማ ምስሎችን መደመር። (መደመር ስል የሂሳቡን ማለቴ ነው።) ሦስቱም ከሌሊቱ ውስጥ የየራሳቸውን ሰው መርጠው ያሳያሉ፤ የየራሳቸውን ሰው ደግሞ ይደብቃሉ።

መጠበቅ

ፎቶግራፍ ሲጀመር ቀትር ራሱ እንደ ጨለማ ነበር። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 ከቤቱ መስኮት ያነሳት ምስል ቢያንስ 8 ሰዓት ፈጅታለች። ፀሐይዋ በዚያ ውስጥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለተጓዘች ግራና ቀኝ ያሉት ግድግዳዎች ሁለቱም ፀሐይ የመታቸው ሆነው ይታያሉ። በ1838 ሉዊ ዳጌር ፓሪስ ውስጥ አንድ ሰፊ ጎዳና አነሳ። መንገዱ በሠረገላና በእግረኛ የተሞላ ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን ጭር ያለ ነው። ሳህኑ ብርሃን ለመቀበል ደቂቃዎች ይፈልግ ስለነበር የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጠፋ። አንድ ሰው ብቻ በግልጽ ቀረ፤ ጥግ ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያስጠርግ ሰው። ሰው የሚታይበት ተብሎ በሚታወቀው የመጀመሪያ ፎቶ ላይ ያሉት እንግዲህ ሊስትሮና ደንበኛው ናቸው። ፒያሳ ላይ ጫማ ያስጠረገ ሁሉ ይኩራ።

ማታ ለመሞከር የደፈሩት መጀመሪያ ወደ ላይ ያዩ ሰዎች ነበሩ። ጆን ዊልያም ድሬፐር በ1840 ኒው ዮርክ ውስጥ ጨረቃን አነሳ፤ 20 ደቂቃ ፈጀበት። በ1850 ሐምሌ አጋማሽ ላይ በሃርቫርድ የጠፈር ምልከታ ማዕከል ዊልያም ቦንድና ፎቶ አንሺው ጆን ዊፕል ትልቁን ቴሌስኮፕ ቪጋ ወደምትባለው ኮከብ አዙረው 100 ሰከንድ ጠበቁ። ከፀሐይ ሌላ ፎቶዋ የተነሳ የመጀመሪያዋ ኮከብ እሷ ናት። ቪጋ ከኛ 25 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። ስለዚህ ያ ሳህን ላይ ያረፈው ብርሃን ጉዞውን ሲጀምር፣ እስከ ዛሬ የተረፈልን የመጀመሪያው የካሜራ ፎቶ ገና አልተነሳም ነበር።

በዓመቱ ቴክኖሎጂው ተሻሻለ፤ መሻሻሉ ግን ለሌሊት ጠላት ሆነ። በ1851 ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ያስተዋወቀው እርጥብ ሳህን ከቀድሞው ፈጣንና ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ስሙ ላይ አለ፦ ኬሚካሉ ሳይደርቅ አንስተህ፣ ሳይደርቅ አጥበህ መጨረስ አለብህ። ከሩብ ሰዓት ብዙ የማያልፍ ዕድሜ ላለው ሳህን አንድ ሰዓት ቁጭ ብለህ ጠብቅ ማለት አይቻልም። መፍትሔው የመጣው ከአንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ሪቻርድ ማዶክስ በ1871 ብርሃን ተቀባዩን ኬሚካል በጄላቲን ለውሶ ደረቅ ሳህን የሚሠራበትን መንገድ አቀረበ። ደረቅ ሳህን ዛሬ ተዘጋጅቶ ከወር በኋላ ሊነሳበት ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን መጠበቅ ይችላል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ መስከረም 30 ቀን 1880፣ የዚያው የጨረቃው ድሬፐር ልጅ ሄንሪ ድሬፐር የኦራዮንን ኔቡላ 51 ደቂቃ ጠብቆ አነሳ። በ1882 ደግሞ ወደ 137 ደቂቃ አራዘመው፤ በዚህኛው ላይ ከበፊቱ ደብዝዘው የነበሩ ኮከቦች ብቅ አሉ። አባት ጨረቃን በ20 ደቂቃ፣ ልጅ ኔቡላን በሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ። ዓይናችን እንዲህ ለረጅም ጊዜ ብርሃን አያጠራቅምም። ሳህኑ ግን እንደ እቁብ ነው። ጥቂት ጥቂቱን ይሰበስብና በመጨረሻ ጠቀም ያለ ነገር ያወጣል።

እቁቡም ግን ገደብ አለው። በኋላ በጥቁር ጉድጓድ ሒሳቡ የታወቀው ካርል ሽቫርትስሺልድ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ቪየና ውስጥ ሲሠራ ሳህን እንደሚደክም በቁጥር አሳየ። ብርሃኑ በጣም ሲደክም የመጠበቂያውን ጊዜ እጥፍ ማድረግ እጥፍ ምስል አይሰጥም። የድሮ የሌሊት ፎቶ አንሺዎች በሰንጠረዥ የሚታገሉት ከዚህ ጋር ነበር።

ከሰማይ ወደ ጎዳና ለመውረድ ግን ጊዜ አልወሰደም። በ1895 እና 1896 ፖል ማርቲን የለንደንን ጎዳናዎች በጋዝ ፋኖስ ብርሃን አነሳ፤ አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ኒው ዮርክ በረዶ ውስጥ ቆመ፤ ከዚያ ብራሳይ ከነሲጋራው መጣ።

እኔም በኔ አቅም መገናኛ ላይ ይህንኑ አያለሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ካሜራውን 30 ሰከንድ ከፍቼ ብተወው ሚኒባሶቹ ቀይና ነጭ መስመር ይሆናሉ፤ ለታክሲ የሚሯሯጠው ሕዝብ ተኖ ይጠፋል። የሚቀሩት የተቀመጡት ናቸው። ጀበናዋን ከፊቷ ደርድራ የምትጠብቅ ሴት፣ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ፣ ማደሪያ አጥቶ የሱቅ በረንዳ ላይ የተኛ ልጅ። ቀን ሰው አይቶ የሚያልፋቸው ሰዎች ማታ ፎቶው ውስጥ ብቸኞቹ ሰዎች ይሆናሉ። ከሊስትሮው ጀምሮ ይህ ሕግ አልተለወጠም፤ መጠበቅ የሚያሳየው የሚጠብቀውን ሰው ነው።

መወርወር

ሁለተኛው መንገድ ትዕግሥት አይፈልግም። በ1887 ጀርመን ውስጥ አዶልፍ ሚተ እና ዮሃንስ ጌዲከ የማግኒዥየም ዱቄትን ከሌሎች ኬሚካሎች ጋር ቀላቅለው ቦግ ብሎ የሚጠፋ የብርሃን ባሩድ ሠሩ። ወሬው በጋዜጣ አትላንቲክን ተሻግሮ ኒው ዮርክ ያለ አንድ የፖሊስ ዜና ዘጋቢ እጅ ገባ። ጄከብ ሪስ ይባላል፤ ከዴንማርክ የተሰደደና እሱ ራሱ ኒው ዮርክ ውስጥ መጠለያ አጥቶ ያደረ ሰው ነው። ድሆች ተጨናንቀው የሚኖሩባቸውን ጨለማ ክፍሎች ለዓመታት ሲጽፍ የሰማው አልነበረም። አሁን ማስረጃ አገኘ። መጀመሪያ ባሩዱን ከሽጉጥ በሚመስል ነገር ይተኩስ ነበር፤ ሰዎቹ እየደነገጡ ሲያስቸግሩት በመጥበሻ ላይ ማንደድ ጀመረ። በአንድ ሌሊት ዓይነ ስውራን የሚኖሩበት ክፍል ግድግዳ ላይ እሳት አስነስቶ ሊያቃጥላቸው ነበር፤ ይህን ራሱ ጽፎታል።

በ1890 ያሳተመው መጽሐፍ ብዙ ነገር አንቀሳቀሰ። ቴዎዶር ሩዝቬልት የኒው ዮርክ የፖሊስ ኮሚሽን አባል በሆነ ጊዜ ከሪስ ጋር ሌሊት አብረው ዞረዋል፤ ሪስ ሲያጋልጣቸው የነበሩት አስከፊ የፖሊስ ጣቢያ ማደሪያዎችም በ1896 ተዘጉ። ጥሩ ነው። ፎቶዎቹን ስታዩ ግን ሌላም ነገር አለ። የሰዎቹ ዓይን። ግማሹ ከእንቅልፉ የባነነ ነው፣ ግማሹ ብርሃኑ ያሳወረው። ማንም «ላንሳችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው አይመስልም። ሪስ እውነቱን ነበር፤ የሰዎቹም ድንጋጤ እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይከብዳል፤ እኔ እስካሁን አንዱን ለሌላው ብዬ መተው አልቻልኩም።

ይኸው ብርሃን ጫካም ገብቷል። የቀድሞው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጆርጅ ሺራስ፣ ከኦጂብዌ ሕዝብ በተማረው የሌሊት የጀልባ አደን ዘዴ በጠመንጃ ፈንታ ካሜራና ፍላሽ ይዞ ሐይቅ ዳር አጋዘን ማንሳት ጀመረ። ናሽናል ጂኦግራፊክ በ1906 ሐምሌ እትሙ ከ70 በላይ ፎቶዎቹን ባንድ ጊዜ አወጣ። በ1950ዎቹ ደግሞ ዊንስተን ሊንክ መጣ። ሊንክ የተማረው ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው፤ እኛ ኢንጂነሪንግ ተምረን ሌላ ሥራ ላይ የተገኘን ሰዎች ልንወደው የሚገባ ሰው። ከ1955 ጀምሮ በምሥራቅ አሜሪካ የመጨረሻዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች በሌሊት አነሳ። ለምን በሌሊት? ፀሐይን እሱ ወዳለበት ማዛወር ስለማይችል ብርሃኑን ራሱ መሥራት መረጠ። በ1956 ባነሳው አንድ ታዋቂ ፎቶ ላይ ከ40 በላይ የፍላሽ አምፖሎች በሽቦ አያይዞ ባንድ ቅጽበት አበራ። አምፖሎቹ በተከታታይ የተገናኙ ስለነበሩ አንዱ ቢበላሽ ሁሉም ይቀራሉ፤ ባቡሩ ደግሞ አይመለስም።

የፍላሽ ነገር ወደኛ ቤትም የሚገባ ነው። የቤተሰባችንን የፎቶ ሳጥን አንድ ቅዳሜ ተቀምጬ በየዓይነቱ ለየሁት። አብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ የተነሳ ነው። የምሽቶቹ ጥቂት ናቸው፤ እነሱም በሙሉ በፍላሽ፦ ሠርግ፣ ክርስትና፣ አንድ የበዓል ዋዜማ። ፊቶቹ ኖራ የተቀቡ ይመስላሉ፤ ከኋላቸው ያለው ክፍል ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነው። አያቴ ስለ ልጅነቷ ምሽት ስታወራ ግን የምትነግረኝ ስለ ኩራዝ ነው። ስለ ምድጃው ፍም፣ ግድግዳው ላይ ስለሚወዛወዘው ጥላ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ። ፍላሹ ለኩራዙ ቦታ የለውም፤ አንዴ ቦግ ሲል የክፍሉን ብርሃን ውጦ የራሱን ይተክላል። ሰዎቹን አተረፈልን፣ ሌሊታቸውን ግን አልያዘልንም።

መደመር

ሦስተኛው መንገድ የኔ መንደር ስለሆነ ትንሽ ልዝናና።

በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ሲሲዲ የተባለውን ቺፕ ነደፉ፤ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል አስገኝቶላቸዋል። በ1975 የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ይህን መሰል ቺፕ ይዞ የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ምስሉ 100 በ100 ነጥብ፣ ጥቁርና ነጭ፤ አንዱን ምስል ካሴት ላይ ለመጻፍ 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ለሌሊት ግን ትልቁ ለውጥ ምስሉ ቁጥር መሆኑ ነው። ቁጥር ይደመራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨለማ ውስጥ ያነሳችሁት ፎቶ ላይ የሚርመሰመሰው አሸዋ መሰል ነገር ኖይዝ ይባላል። ኖይዝ በዘፈቀደ ነው፤ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቦታ ይቀያይራል። ጀበናዋ ግን ሁሌም ያለችበት ናት። ስለዚህ የአንድ ቦታ 16 ፎቶ አንስታችሁ ብትደምሩ የጀበናዋ ብርሃን 16 እጥፍ ሲያድግ ኖይዙ የሚያድገው በ16 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 4 እጥፍ ብቻ ነው። ጥራቱ በ4 እጥፍ ተሻሻለ ማለት ነው። ይህን የጠፈር ተመራማሪዎች ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። በ2018 የስልክ አምራቾች ኪሳችን ውስጥ ከተቱት፤ በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ጉግል ናይት ሳይት ያለውን ሲያወጣ ስልኩ በእጅ ተይዞ በተከታታይ የተነሱ እስከ 15 ምስሎችን አሰላልፎ፣ የእጅን መንቀጥቀጥ አርሞ ይደምር ነበር። በዓመቱ ኮከብ የሚያነሳበትን ጨመረበት፤ እያንዳንዳቸው እስከ 16 ሰከንድ የሚቆዩ 15 ምስሎች፣ ጠቅላላ ወደ 4 ደቂቃ።

እኔም ላፕቶፔ ላይ ጥቂት መስመር ኮድ ጽፌ ይህንኑ እሠራለሁ። የመጀመሪያው ምስል ጭቃ ነው፤ እየደመርኩ ስሄድ የድንጋዩ ስንጥቅ፣ የቆርቆሮው ሞገድ አንድ በአንድ ይወጣል። ከሲጋራው ጋር ያለው ዝምድና ታየኝ፦ እኔም እየጠበቅኩ ነው፣ ልዩነቱ ጥበቃውን ቆራርጬዋለሁ።

መደመርም ግን የራሱ ድብቅ ነገር አለው። ሶፍትዌሩ ድምሩን ካገኘ በኋላ ምን ያህል እናብራው፣ ምን ዓይነት ቀለም ይኑረው ብሎ የሚወስን ሰው ያስፈልገዋል። ብዙ ስልኮች የሚወስኑት ሌሊቱን ቀን ለማስመሰል ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከድምሩ አልፎ ይገምታል። በ2023 አንድ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ በሳምሰንግ ስልክ ሲያነሳው፣ ስልኩ በደበዘዘው ምስል ላይ የሌሉ ዝርዝሮችን አክሎ አወጣ። ኩባንያውም ጨረቃን ለይቶ ዝርዝሯን የሚያሻሽል የሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚጠቀም አብራርቷል። ጨረቃ ሁሌም አንድ ፊቷን ስለምታሳየን ግምቱ ያው ትክክል ይሆናል። የሰው ፊት ሲሆንስ? በጨለማ ያልታየውን የአያቴን ፊት ሽብሽባት ከየት አምጥቶ ይሞላዋል?

የኛ ሌሊት

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ሌሊታችን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። የፓሪስ ሰው በሰኔ ጨለማ ፍለጋ እስከ እኩለ ሌሊት ሊጠብቅ ይችላል፤ እኛ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰዓታችንን እንደገና ከአንድ እንጀምራለን። ለኮከብ አንሺ ይህ ፀጋ ነው። ትንሽ የሚያናድደው የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ መሐል በምሽት ጎልቶ የሚወጣው በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰማዩን የክረምት ደመና በዘጋበት ወቅት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከንጋት በፊት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አካባቢ መነሳት ነው። ካሜራ ላላችሁ፦ 500ን ለሌንሳችሁ ሚሊሜትር አካፍሉ፤ 24 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 20 ሰከንድ ይሰጣችኋል። ከዚያ ካለፈ የምድር መዞር ኮከቦቹን ወደ ጭረት ይለውጣቸዋል።

ሰማዩ ራሱ ግን እየራቀ ነው። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን፤ ከሥራቸው ያለችው ከተማ በደመቀች ቁጥር የሚያዩት ይቀንሳል። የኮሪደር ልማቱ ያለፈባቸው ጎዳናዎች ዛሬ ማታ ያለ ትራይፖድ ይነሳሉ። ሁለት መቶ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብትሉ ግን በአንድ ሱቅ አምፖል የሚተዳደር ሰፈር ታገኛላችሁ። ብርሃን የት እንደገባና የት እንዳልገባ ከማንም በፊት የሚያውቀው ማታ ካሜራ ይዞ የሚዞር ሰው ይመስለኛል።

ለዚህም ነው የማን ሌሊት እንደምናነሳ መጠየቅ ያለብን። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አጭር ነው። ፍላሽ የለም። የተኛ ሰው አላነሳም። ዘበኛውንም ቡና አፍይዋንም መጀመሪያ «እንደምን አመሻችሁ» እላለሁ፣ እጠይቃለሁ፤ እምቢ ካሉ ቡናዬን ጠጥቼ እሄዳለሁ። እሺ ካሉ ደግሞ ፎቶውን አሳያለሁ፤ ብዙ ጊዜ «አብራው እንጂ፣ ጨለመ!» ይሉኛል። እዚህ ላይ እንከራከራለን። ለነሱ አንድ ደመቅ ያለ እልክላቸዋለሁ፤ ያልተነካካውን ግን አስቀምጠዋለሁ፣ ምሽቱ ምን ያህል እንደጨለመ የሚመሰክረው እሱ ነውና።

እናንተም ካሜራ አያስፈልጋችሁም። በሚቀጥለው ጊዜ መብራት ሲጠፋ (ይጠፋል)፣ የስልካችሁን ባትሪ ከማብራታችሁ በፊት ሻማውን ለኩሱ። ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፉት፣ የሌሊት ሞዱን ክፈቱ፣ ቤተሰቡን «አስር ሰከንድ አትንቀሳቀሱ» በሉ። ልጆቹ አይታገሡም፤ ይደበዝዛሉ። ግድግዳው ላይ ጥላ ይኖራል፣ የሻማው ብርሃን እስከየት እንደደረሰ ይታያል። ከሁሉ ጥርት ብለው የሚወጡት ትልልቆቹ ናቸው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ያውቁበታል። ከዚያ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነበሩትን ሰዎች ስም ጽፋችሁ አስቀምጡ። የኛ ሳጥን ውስጥ የሌለው እንዲህ ያለው ፎቶ ነው።